ድንኳኑ ውስጥ ሰው አለ

ባልዲ ሙሉ ውኃ ሲደፋባት፣ ድንኳኑ ውስጥ በጀርባዋ ተንጋላ ጣሪያውን እያየች ነበር።

ድንኳን የሚጠግን ሰው ቀዳዳ የሚፈልገው እንዲህ ነው። ድንኳኑን ፀሐይ ላይ ይተክለዋል፣ ውስጡ ገብቶ ዚፑን ይዘጋል፣ ከዚያ ብርሃን በየት በኩል እንደሚገባ ያያል። ሥራ በጀመረችበት ቀን ይህንኑ እያደረገች ሳለ አንድ ሰው ከውጭ መጣ። ድንኳኑ ባዶ መስሎት፣ ስፌቱ ውኃ ያስገባ እንደሆነ ሊፈትን ባልዲውን ገለበጠው። ስፌቱ ያስገባ ነበር።

«ኧረ ድንኳኑ ውስጥ ሰው አለ!» ብላ ጮኸች።

ይቅርታ የሚል ድምፅ አልመጣም። ባልዲው መሬት ላይ ወድቆ ሲንከባለል ብቻ ሰማች። ዚፑን ከፍታ ራሷን ስታወጣ፣ አንድ ረዥም፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሰው ሣሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የረጠብኩት እኔ፤ አንተ ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

ሰውየው ፊቷን አየ፣ አፏን አየ፣ እንደገና ፊቷን አየ። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ አጠገቧ አስቀመጠላትና ወደ ዛፎቹ ሄደ።

እሷም በልቧ «ይሄ ነው» አለች። የመጣችው እሱን ፍለጋ ነበርና።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ፓርኩ በደን የተከበበ ሐይቅ አለው፤ ከሐይቁ በላይ ደግሞ ረዥም ገደል። በበዓልና በሳምንት መጨረሻ ሰው ድንኳን ተከራይቶ ያድራል፣ ጠዋት በቡድን ሆኖ ወደ ገደሉ አናት በእግር ይወጣል። እያንዳንዱን ቡድን ሁለት ሰው ይመራዋል፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ሠራተኞቹ ፊተኛና ኋለኛ ይሏቸዋል። የዚች ድንኳን ጠጋኝ ታላቅ እህት ኋለኛ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጉም በወረደበት አንድ ቀን፣ ቡድኑ ያለ እሷ ተመለሰ። በማግስቱ ከገደሉ ሥር አገኟት።

ያን ቀን ፊተኛ የነበረው ሰው ለቀብር መጥቶ ነበር። እናት ግን «ልጄን ጥሎ የመጣውን ሰው ፊቱን እንዳታሳዩኝ» ስላለች፣ ዘመዶች ከበር መለሱት፤ ትንሿ ልጅ በመስኮት ረዥም ቁመቱን ብቻ አይታለች። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው የፓርኩ ስም አይነሳም። እናትና ትንሿ ልጅ በስፌት ሱቃቸው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው መጋረጃ ይሰፋሉ፤ የመኪናው ጩኸት ወሬ ከማውራት ያድናቸዋል።

ትንሿን ግን አንድ ጥያቄ እንደ እሾህ ተሰንቅሮባት ቀረ። ሰው ከኋላው ያለችውን ሰው ሳያይ እንዴት ጥሎ ይሄዳል? ፓርኩ ድንኳን የሚጠግንለት ሰው እንደሚፈልግ በሰማች ጊዜ፣ ለእናቷ «ሌላ ከተማ የመጋረጃ ሥራ አገኘሁ» ብላ ዋሽታ መጣች። ሰውየውን ልታየው። አይታው ምን እንደምታደርግ እሷም አታውቅም።

እህትማማቾቹ በመልክ አይገናኙም። ታላቋ እናቷን ስትመስል፣ ትንሿ ቁርጥ አባቷን ናት። ድምፃቸው ግን አንድ ነበር። ስልክ የሚደውል ሁሉ ይሳሳታል፤ እናታቸው እንኳ ከጓዳ ሆና «የትኛችሁ ናችሁ?» ትል ነበር። የራሱን ድምፅ ከውጭ ሆኖ የሚሰማ ሰው የለምና፣ ትንሿ ይህን ነገር ጨርሳ ረስታዋለች።

በካምፑ ወጥ ቤት ሾርባ የምትቀዳውን ሴትዮ ሠራተኞቹ በሌለችበት «ራዲዮ» ይሏታል፣ ፊት ለፊት ደግሞ «እትዬ»። የራዲዮን ባትሪ ማን እንደሚቀይር አይታወቅም እንጂ አያልቅም። ለልብስ ሰፊዋ በመጀመሪያው ቀን ስም ያወጣችላት እሷ ናት።

«ቅጥነትሽም፣ አፍሽም መርፌ ነው» አለቻትና ስሙ ጸደቀ።

«እትዬ፣ ያ ባልዲ የደፋብኝ ሰውዬ ማነው?» አለች መርፌ ሳህኗን ይዛ።

«ፊተኛው? እሱ እኮ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ከዚያ ነገር ወዲህ ፊት ሄዶ አያውቅም። ሰው ከኋላው ከቆመ አይሆንለትም። እዚሁ ለሾርባ ሲሰለፉ እንኳ መጨረሻ ነው። ባለፈው ለቀልድ ከኋላው ብቆም፣ ዞሮ ከኋላዬ ቆመ።»

«ምን ነገር ነበር?»

ራዲዮ ጭልፋውን አስቀመጠች። ጭልፋ ካስቀመጠች ወሬው ከባድ ነው።

«አብራው የምትሠራ ልጅ ነበረች። ሳቂታ። ገደል ገባች… ይዋደዱ ነበር ይላሉ፤ እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም።» ይህን ስትል ወሬውን ያስጀመረችው እሷ መሆኗ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። «ጉም በወረደ ቁጥር ብቻውን ይወጣል። እገደሉ ጫፍ ቆሞ ፊሽካ ይነፋል። ይመለስለታል። የገደል ማሚቶ ነው የሚል አለ። አይደለም የሚልም አለ።»

መርፌ ሾርባዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

በሳምንቱ ፊተኛው የተቀደደ ድንኳን ይዞ መጣ። ሰላም ብሎ አስቀመጠውና ቆመ። ስታናግረው መሬት መሬት ያያል። ሳያያት ከኋላው ከተናገረች ደግሞ ድንግጥ ይላል። የጥፋተኛ ሰው ድንጋጤ ነው ብላ ያዘችበት።

ሌላ ድንኳን ይዞ መጣ። ከዚያም ሌላ።

«ይሄን ምን ቀደደው?» አለችው አንድ ቀን።

«እሾህ።»

መርፌ ቅዳዱን ወደ ብርሃን ዘረጋችው። «እሾህ እየተንገዳገደ ነው የሚሄደው። ይሄ ግን ቀጥ ብሎ ወርዷል። የተማረ እሾህ መሆን አለበት።»

ፊተኛው አቧራውን በጫማው ጫፍ ጫረ።

«ሰንጢ የያዘ እሾህ ነው?»

ከባልዲው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሳቀ። ድምፁ ዝገት የያዘው፣ ለረዥም ጊዜ ያልተከፈተ በር ዓይነት ሳቅ ነበር። «ሌላ ሰበብ አጣሁ» አለ።

«ዝም ብለህ ብትመጣስ?»

«እችላለሁ?»

«ድንኳኖቹ ያመሰግኑሃል።»

እንግዲህ ልብ የሚሉት ነገር ምክር አይሰማም። የእህቷን ገዳይ ልታይ የመጣች ሴት፣ እሱ የሚመጣበት ሰዓት ሲደርስ ፀጉሯን እያስተካከለች ራሷን ያዘች። ተናደደች። «እህትሽን ከመቼው ረሳሻት?» አለች ለራሷ። ግን አልረሳቻትም፤ መርሳትማ እዚያ ቦታ አይቻልም ነበር።

ከአሮጌዎቹ ድንኳኖች በአንዱ ላይ የምታውቀው ስፌት አገኘች። ጠማማ፣ መሃል ላይ የሚዘል፣ መጨረሻው ላይ የተንዛዛ ቋጠሮ ያለው። ታላቋ መስፋት አትወድም ነበር፤ እናታቸው «ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው» እያለች ስታስፈታት ነው ያደገችው። ይሄም ተፈትቶ እንደገና መሰፋት ነበረበት። መርፌ መቀሱን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ ድንኳኑን አጥፋ ከጥግ ወሸቀችው። ከዚያ ወዲህ ባዶ ድንኳን ውስጥ ገብታ ዚፑን በዘጋች ቁጥር፣ አጠገቧ ሌላ ሰው የሚተነፍስ ይመስላት ጀመር።

አንድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ፊተኛውን «ሐይቁን ከላይ አሳየኝ» አለችው።

«አንቺ ከፊት ሂጂ» አላት።

«መንገዱን የምታውቀው አንተ አይደለህ?»

«ከኋላ ሆኜ እነግርሻለሁ።»

«እኔ ግን አንተን ማየት አልችልም።»

«እኔ አይሻለሁ። ዋናው እሱ ነው።»

ለቀልድ ዞራ፣ ፊቷን ወደ እሱ አድርጋ ወደ ኋላ መራመድ ጀመረች። ፊተኛው በአንድ እርምጃ ደርሶ ትከሻዋን ጨበጣት።

«እለምንሻለሁ» አላት። «እንዲህ አታድርጊ። አንቺን ደግሞ ማጣት አልችልም።»

«አንቺን ደግሞ» የምትለዋን ቃል ሰማቻት። ሌላ ሴት ብትሆን በደስታ ትሰክር ነበር። እሷ ግን እህቷን አሰበች። ራዲዮ ይዋደዱ ነበር ያለችው እውነት መሆን አለበት ብላ ደመደመች። ሐይቁን ከላይ አይተው ወረዱ።

ከዚያ አንድ ቀን ጉም ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ጉሙ ሐይቁን ሸፈነ፣ ድንኳኖቹን አንድ በአንድ ዋጠ። መርፌ ፊተኛው አንገቱን ቀብሮ ወደ ገደሉ መንገድ ሲገባ አየችው፤ ተከተለችው። ከኋላው ሰው መኖሩን አላወቀም። እርጥብ ቅጠል ላይ በእግሯ ጣት እየረገጠች፣ ጀርባው እንዳይጠፋባት እየተጠጋች ወጣች።

ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊሽካውን ከአፉ አድርጎ አንዴ ነፋ።

ከጉሙ ውስጥ አንድ ፊሽካ መለሰለት።

የመርፌ ፀጉር ቆመ። ድምፁ ሩቅ አይደለም። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ «አለሁ» የሚል ይመስላል። ፊተኛው ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ደግሞ ነፋ። ደግሞ ተመለሰለት። መርፌ እህቷ እዚያ ጉም ውስጥ ቆማ የምታሾፍባቸው መሰላት፤ ከዚያ በላይ መታገሥ አቃታት።

«ማንን ነው የምትጠራው?»

ፊተኛው ዞሮ ማንንም አላየም። ድምፅ ብቻ ነው የሰማው። ወደ ኋላው አንድ እርምጃ አፈገፈገ፤ ኋላው ደግሞ ገደል ነው። መርፌ ከጉሙ ወጥታ በደረቱ በኩል ሸሚዙን ጨምድዳ ያዘችው፣ ወደ ራሷ ሳበችው። ተያይዘው መሬት ላይ ወደቁ።

«እኔ ነኝ» አለችው። «እኔ ነኝ፣ መርፌ ነኝ።»

ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ። ከዚያ ደግማ ሳትጠይቀው መናገር ጀመረ።

«በጉም ቀን ፊተኛው አንዴ ይነፋል፣ ኋለኛው አንዴ ይመልሳል። ከተመለሰ ሁሉም ሰው አለ ማለት ነው። ደንባችን ይኸው ነበር። ያን ቀን አንዱ ተጓዥ ካሜራውን ካረፍንበት ረስቶ መጣ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ላምጣለት ብላ ተመለሰች። እዚህ ስደርስ ነፋሁ። ተመለሰልኝ። ደርሳለች ብዬ ሄድኩ። ደግሞ ነፋሁ፣ ደግሞ ተመለሰልኝ…»

«ገደሉ ነበር» አለች መርፌ።

«ገደሉ ነበር። ሰውን ሁሉ ይዤ፣ የገደል ማሚቶ እያናገርኩ ወረድኩ። ከዚያ በኋላ ደንቡ ተቀየረ፤ አሁን ኋለኛው ሁለቴ ነው የሚመልሰው። ገደል የተሰጠውን ነው የሚመልሰው፣ መጨመር አይችልም። እንዴት ይሄን ቀድመን አላሰብነውም?»

«ታዲያ አሁን ለምን ትነፋለህ?»

«መለየት ይቻል እንደነበር ላውቅ። የገደሉን ከሰው። አንዳንድ ቀን ለየሁት እላለሁ፤ ያኔ ጥፋቱ የኔ ነው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ልክ የሰው ነው። እስካሁን አላወቅኩትም።»

«ትወዳት ነበር?»

«ጓደኛዬ ነበረች። ሥራ ላይ እንደሷ የሚያስቀኝ ሰው አልነበረም። ሌላው የራዲዮ ፕሮግራም ነው።»

መርፌ የሸሚዙን ጫፍ እስካሁን አልለቀቀችም ነበር። አሁን ለቀቀችው።

«እህቴ ናት» አለች።

ፊተኛው ለረዥም ጊዜ አያት። ፊቱ ላይ የመጣው ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ እፎይታም ነበረበት።

«እብደት መስሎኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ከባዶ ድንኳን ውስጥ ድምፅዋን ስሰማ… አበድኩ ነው ያልኩት።»

መርፌ ያኔ ትዝ አላት። ስልኩ፣ ጓዳው፣ «የትኛችሁ ናችሁ?»። መሬት መሬት ማየቱ፣ መደንገጡ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ።

«እኔ ስናገር የምትሰማው እሷን ነው?»

ውሸት አይችልም። «አዎ» አለ።

«ታዲያ እነዚያን ድንኳኖች የቀደድከው ለማን ነው? ለእኔ ወይስ ለድምፄ?»

አፉን ከፈተ። ትክክለኛውን ቃል ይፈልግ ነበር፤ ቃል የሚፈልግ ሰው ደግሞ ይዘገያል። መርፌ መዘግየቱን መልስ አድርጋ ወሰደችው። በማግስቱ ጠዋት ክሯንና መቀሷን ሰብስባ፣ ራዲዮን እንኳ ሳትሰናበት ሄደች።

ቤት ስትደርስ የት እንደከረመች ለእናቷ ተናገረች። እናት የስፌት መኪናውን አላቆመችም።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ምን ይላል?»

ስለ ፊሽካው ነገረቻት። መኪናው ቆመ። እናት መርፌው ሥር የገባውን ጨርቅ አንስታ ስታይ ስፌቱ ጠሟል። «ገደሉ ነው የመለሰለት?» አለች ብቻ። ከዚያ ስለ ጉዳዩ አልተነጋገሩም። ትንሿ ግን ቤት ውስጥ መናገር አስጠላት። አንድ ነገር ለማለት አፏን ስትከፍት፣ የሚወጣው ድምፅ የተዋሰችው ይመስላታል።

እሱ የመጣው ዝናብ ባባራበት አንድ ከሰዓት ነው። ሱቁ በር ላይ ቆመ፤ አልገባም።

«ያን ቀን ፊት የነበርኩት እኔ ነኝ፣ እማማ» አለ።

ትንሿ ልጅ ከወንበሯ ተነሳች። እናት እጇን ዘርግታ ዝም አሰኘቻት። ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰው ያጠራቀመችው እርግማን ነበራት፤ አፏ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ።

«ሰው ሁሉ እንዴት እንደሞተች ነው የሚነግረኝ» አለች። «መጨረሻ ላይ ምን አለች? የነገረኝ የለም።»

ፊተኛው ግራ ገባው። «የጠየቀኝም የለም» አለ። «ሁሉም ለምን ነው ያሉኝ።»

«እኔ ጠየቅኩህ።»

«ካሜራውን ላምጣ ብላ ስትመለስ… ፔርሙሱን ለእኔ ሰጠችኝና፣ እየሳቀች፣ ‹እኔን አትጠብቁ፤ ሻዬን ግን እንዳትጠጡብኝ› አለች።»

እናት ከንፈሯን በእጇ ሸፈነች። ሳቅ ነው ያመለጣት፤ ከዚያ ሳቁ ተለወጠ። «እሷ ናት» አለች። «ሻይዋ ላይ ቀልድ አታውቅም።» ዓይኗን ጠርጋ ወደ ትንሿ ልጇ ዞረች፤ ልመና የለመደች ሴት አልነበረችም። «እስኪ አንቺ በይልኝ። እንዲያው አንዴ ልስማት።»

ትንሿ ክው አለች። የሸሸችው ይህንኑ ነበር። አፏን ለሞተች ሰው ማከራየት።

«ግድ የለም፣ አትበይው» አለ ፊተኛው ከበሩ ላይ። «ይቅርታ፣ እማማ። ድምፁ የራሷ ነው፤ ማንም ሊያዛት አይገባም።» ወደ መርፌ ዞረ። መሬት አላየም። «የጠየቅሽኝን ልመልስ ነው የመጣሁት። ድምፅሽን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ሽሽት ነው። መሸሽ ቀላል ነበር፤ ሌላ ፓርክ ሞልቷል። የፈራሁት ድምፅ ውስጥ አንቺ ስላለሽበት ነው የቀረሁት። እየፈራሁ ነው ድንኳን ይዤ እመጣ የነበረው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ደግሞ ጉም ወርዶ ወጣሁ፤ ነፋሁ፣ ተመለሰልኝ። ግን ስለ ተማረ እሾህ የሚያሾፍብኝን ድምፅ ነበር የምፈልገው። እሱ ከገደል አይመጣም።»

መርፌ ለማልቀስ ጊዜ አላገኘችም። እናቷን አየቻት። የልጇን ድምፅ የተራበች፣ ግን ደግማ የማትለምን ሴት። እሱ አትበይው ባይላት ኖሮ አትለውም ነበር። አሁን ግን ማንም አያስገድዳትም፤ ድምፁ የራሷ ነው፣ ለፈለገችው መስጠት ትችላለች። እናቷ ወንበር አጠገብ ተንበረከከች።

«ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እማዬ።»

እናት ጨፈነች።

«እኔን አትጠብቁ» አለች ትንሿ፣ እህቷ እንደምትለው፣ መጨረሻውን በሳቅ እየሳበች። «ሻዬን ግን እንዳትጠጡብኝ።»

የእናት ፊት መጀመሪያ እንደ ሕፃን ፊት ተሰበሰበ። ከዚያ ቀስ በቀስ ተፈታ። እጇ የሌላ ሰው ፀጉር የሚነካ ያህል የልጇን ራስ ዳሰሰ።

«አልጠጣንብሽም፣ ልጄ» አለች። «በይ፣ አሁን ሂጂ።»

በሩ ላይ የቆመው ሰው ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ነበር። እናት ዓይኗን ገልጣ ትንሿን ልጇን አየቻት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አይታት የማታውቅ ያህል አተኩራ አየቻት።

«አንቺስ?» አለቻት። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

መርፌ ጉልበቷን አራግፋ ተነሳች። ወደ በሩ ዞረች።

«እኔማ» አለች፣ «ይግባ ነው የምለው።»